በወረቀቱ ላይ ሦስተኛው ስም

ማክሰኞ

አባ ኅሩይን ወሰዷቸው። ከቅዳሴ እንደወጡ፣ መቋሚያቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ ሁለት ባንዶች ክንዳቸውን ይዘው ወደ ጣሊያን ምሽግ ነዷቸው።

ምክንያቱን ከሰዓት በኋላ ሰማሁ። በአማኑኤል መንገድ አንድ የአርበኞች መልእክተኛ ተገድሎ ከልብሱ ውስጥ ወረቀት ተገኝቷል። አርበኞችን በስውር የሚረዱ ሰዎች በጸሎት እንዲታሰቡ ለቄስ የተላከ ነው። ሰባት ስም አለበት፣ ሁሉም የክርስትና ስም። ጣሊያን ባለቤቶቹን ይፈልጋል፤ አባን የወሰዳቸው ያውቋቸዋል ብሎ ነው። ሦስተኛው ወልደ ሚካኤል ነው።

እኔ ነኝ። ለአርበኞቹ ጨው የምልከው እኔ ነኝ። ገበያው የሚያውቀኝ ግን አስረስ ጨው ነጋዴው ብሎ ነው።

የክርስትና ስሜን የሚያውቁ፦ እናቴ፣ ሞታለች። የክርስትና አባቴ፣ ሞቷል። ሚስቴ ይመኙሻል። የነፍስ አባቴ አባ ኅሩይ። እግዚአብሔር።

ወደ ደጀን ልሽሽ? ሱቁን ዘግቶ የጠፋ ሰው በገዛ አፉ እንደመሰከረ ነው። ነገ እከፍታለሁ። ይህን መጻፍም ሞኝነት ነው፤ ደብተሩን ከጨው ስልቻ ሥር እደብቀዋለሁ።

ረቡዕ

ከፈትኩ። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ መጣ። ከጨዉ ቆንጥሮ ቀመሰና እየሳቀ፣ "አንተ ነጋዴ፣ የክርስትና ስምህ ማነው?" አለኝ።

"ኃይለ ማርያም።"

 ጽፎ ሄደ።

ቤት ገብቼ ለይመኙሻል ነገርኳት።

"ስምዎን ካዱ?"

"ነፍሴን አተረፍኩ።"

"የማንን ነፍስ? የኃይለ ማርያምን?"

ተናድጄ ወጣሁ። 

ሐሙስ

ለአባ ስንቅ ያደረሰች ሴት ጀርባቸው መቁሰሉን ነገረችኝ። ስም ሲጠየቁ "በጎቹን ባለቤቱ ያውቃቸዋል፤ እሱን ጠይቁ" ብቻ ይላሉ አሉ። እስከ ዛሬ ከድግስ የማይቀሩ፣ ለነፍስ ብዙም የማይጨነቁ ሰው አድርጌ ነበር የምገምታቸው። ሰው መመዘን እችላለሁ ባይ ነበርኩ።

ቀትር ላይ ሸማኔውን ጌቴን ያዙት። ክረምት ላይ ታሞ ሊሞት ሲል ቄሶች ስሙን እየጠሩ ጸልየውለት መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፤ እሱም ወልደ ሚካኤል ነው። አንድ ጎረቤቱ ጠቆመ። ጌቴ እኮ ለአርበኛ ቀርቶ ለጎረቤቱም ቁንጥር ጨው ሰጥቶ አያውቅም።

ዓርብ

ጠዋት ተለፈፈ። ጌቴ ነገ ገበያው መሐል ይሰቀላል።

ነገሩን እንደ ነጋዴ መዘንኩት። ዝም ካልኩ እሱ ይሰቀላል፣ የሦስተኛው ስም ፍለጋ ይቆማል፣ እኔም እድናለሁ። ጨዉም ለአርበኞቹ መድረሱን ይቀጥላል። ምክንያቴ ሁሉ የሚያሳምን ነበር። ያስጠላኝም ይኸው ነው።

በዘጠኝ ሰዓት፣ ጾሜን ሳልፈታ፣ ጸሎቴን ጀመርኩ። "እኔን ባሪያህን" ከሚለው ደርሼ ስሜን የማስገባበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ኃይለ ማርያም እንዳልል፣ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም። ወልደ ሚካኤል እንዳልል፣ በዚህ ስም ሌላ ሰው ታስሯል።  ኋላ ግን፣ ስሜን ሳልጠራም የታወቅሁ መሆኔ ገባኝ። እግዚአብሔር ጨው መላኬን ያውቃል። ረቡዕ መዋሸቴን ያውቃል። አሁን የማሰላውንም ያውቃል። ያስፈራኛል ብዬ ነበር። አላስፈራኝም። ጭነቷ እንደወረደላት በቅሎ ጀርባዬ ቀለለኝ።

"ወልደ ሚካኤል" አልኩ ጮክ ብዬ።

ይመኙሻል ከጓዳ "አሜን" አለች።

ቅዳሜ

ገበያው ሳይሞላ ምሽጉ ሄድኩ። አዛዡ ፊት ቆሜ "እኔም ወልደ ሚካኤል ነኝ" አልኩ።

አስተርጓሚው አፈጠጠብኝ። "ረቡዕ ኃይለ ማርያም አላልክም?"

"ፈርቼ ዋሸሁ።"

"ዛሬስ አትፈራም?"

"እፈራለሁ። ግን ለአዛዡ ንገርልኝ። ይህ ስም በእኛ አገር እንደ ሰርዶ የትም የሚበቅል ነው። ጌቴ ለስሙ የሚሰቀል ከሆነ እኔም ልሰቀል። እነዚህ በር ላይ የቆሙት ባንዶቻችሁም ስማቸውን ይጠየቁ።"

አዛዡ አስጠየቃቸው። ከዘጠኙ ሁለቱ ወልደ ሚካኤል ሆነው ተገኙ። ከሁለቱ አንዱ ስሙን ሊደብቅ ሲሞክር ጓደኛው "ይሄም ነው!" ብሎ አጋለጠው።

"አንተስ?" አልኩት አስተርጓሚውን። ይህችን አልተረጎማትም።

አዛዡ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ስቅላቱ ቀረ። እኔን ግን በጣቱ ጠቆመኝ፤ ረቡዕ ስለዋሸሁ ሰኞ ጠዋት ለምርመራ እንድቀርብ፣ ብቀር አባ እንደሚገረፉ ተነገረኝ።

እሑድ

ጌቴ ተፈታ። አባ ኅሩይ ገና እዚያው ናቸው።

ከቅዳሴ በኋላ ጌቴ ቤቴ መጣ፤ ከንፈሩ አብጧል። ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

"ያ ወረቀቱ ላይ ያለው አንተ ነህ?"

እሱን መዋሸት አልቻልኩም። "እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።"

"ሐሙስ ብትመጣ ኖሮ ሁለት ጥርሴ ይተርፍ ነበር።"

ውሃ አምጥቼ ሰጠሁት።  ጠጥቶ ሲያበቃ፣ "ነገ ወፍራም ጋቢ ደርብ፤ ጅራፉን ትንሽ ይመክታል" አለኝ።

ይመኙሻል ወደ ሉማሜ ይሽሹ ትለኛለች። እኔ ብጠፋ የሚገረፉት አባ ናቸው። እሄዳለሁ። ጌቴ ምሽጉ በር ላይ እንደሚቆም ነገረኝ። "ካልወጣህ ለሚስትህ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል" አለ።

እፈራለሁ። እራት ግን በላሁ። ከማክሰኞ ወዲህ እስክጠግብ የበላሁት ዛሬ ነው።