ለአሳማ የረዘመ በር

ይድረስ ስልኩን ለዘጋብን ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? የሳቫና ከተማ ሙቀት እንዴት አደረገህ? ጠዋት ጠዋት የሚያምህ ሆድህስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ካስገደድናት ትበላለች። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። አሳማዎቹ ከሁላችንም ይልቅ ደህና ናቸው።

አዎ፣ አሳማዎቹ። መጀመሪያ ቁጭ በል።

አሳማ ካላረባሁ ብለህ ከአባዬ ጋር ተጣልተህ ከሄድክ በሦስተኛው ሳምንት፣ ያ አሳማ ያዘዝከው ገበሬ ሁለት ግልገሎች በውሻ ሣጥን ጭኖ ኮንየርስ ቤታችን ድረስ መጣ። መሄድህን አልሰማም። “አሳማ ባለበት ግቢ እኔ አልኖርም” ያለህ አባዬ ደጅ ላይ ነበር። መልሳቸው ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ሰውዬውን ውሃ ጋበዘው። ሊመሽ ሲል ዝናብ መጣ፤ ሣጥኑን ራሱ ጋራዥ አስገባው። እማዬ ስታማትብ፣ እንግዳ ውጭ አያድርም አላት።

በማግስቱ ግንባታ ተጀመረ። ከቻምብሊ ሱቆች ጓሮ የዕቃ መጫኛ ፓሌት እንጨት ለቃቀምን፤ እሱ የጎበጠ ሚስማር ያቃናል፣ እኔ ጣቴን እመታለሁ። አሳማ የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም፣ “እንግዶቹ” ነው የሚላቸው። ሊመግባቸው ሲገባ ሁለት ጓንት ይደርባል፣ ቀዶ ጥገና እንደሚሠራ ሐኪም።

የዶሮዎቹን ቤት ከየት እንዳመጣው ግን በፍጹም አትገምትም። ዳውንታውን የሚሠራበት ፓርኪንግ የቲኬት ማሽን ሲተከልበት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቲኬት እየቆረጠ የተቀመጠባትን ዳስ ሊጥሏት ነበር። በትራክ ጭኖ አመጣት። ቆጥ ሠራላት፣ መስኮቷን በሽቦ ሸፈነ። አሁን ቀይዋ ዶሮ እዚያ ቁጭ ብላ አላፊ አግዳሚውን ቲኬት እንደምትጠይቅ ሁሉ ታፈጣለች። “ቁርጥ አንተን ትመስላለች” ስለው ሳቀ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አባ ሰብሐት ግቢውን ጠበል ሊረጩ መጥተው አሳማዎቹን ሲያዩ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። “አንተን የመሰለ ጾመኛ፣ ምን ነካህ?” ብለው ጠየቁት።

“የልጄ ናቸው” አላቸው።

አባ ሰብሐትም ዶሮዎቹን ብቻ ረጩ። ግን ክንዳቸው ረጅም ስለሆነ ለአሳማዎቹም ደረሰ።

ሁሉን ያሳቀው የአሳማው ቤት በር ነው። እንግዶቹ ጉልበቴ ጋ አይደርሱም፤ በሩ ግን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ያስገባል። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታደገ፣ አሳማው ባርኔጣ ሊያደርግ ነው ወይ አሉት። እኔም አብሬ ቀለድኩ። አባዬ እንጨቱ ላይ በእርሳስ ያሰመረውን በአውራ ጣቱ ያሸው ነበር።

ከማክሰኞ ጀምሮ ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። የእድሩ ወንበሮች ከዶሮዋ ዳስ ጎን ተደርድረዋል። ጋሽ ታደገ ጠርተውኝ፣ “እሱ የሚሰማው አንቺን ነው። አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ና ብለሽ ጻፊለት፤ ሌላ እንዳትጨምሪ” አሉኝ። ሽማግሌ ሁሉ ተሰልፎ ውሸት ሲያስጠናኝ የመጀመሪያዬ ነው። ወግ ነው ይላሉ። ስንቱን እንደምዋሽ አንተ ታውቃለህ፤ ይህን ግን እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ የአሳማ ቤት ወሬ ጻፍኩልህ።

ትናንት ሰዉን ሸሽቼ እንግዶቹ ቤት ተደበቅኩ። ጓንቶቹ ሚስማር ላይ ተሰቅለው አቧራ ለብሰዋል። ያለ ጓንት መግባት መቼ እንደጀመረ ልብ አላልኩም። ሜትሩም እዚያው ነበር፤ በሩን ለካሁት። ከዚያ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ባለፈው ልደትህ ያሰመረልህን የቁመትህን መስመር ለካሁ። በሩ ከአንተ አራት ጣት ይበልጣል። ያን የማታወልቀውን ባርኔጣህን አስቦ መሰለኝ።

ቅዳሜ ሲነጋ ሦስት ሽማግሌዎች በርህን ያንኳኳሉ። አራት ሰዓት ሙሉ ነድተው ነው የሚመጡት፣ ክፈትላቸው። ጋሽ ታደገ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ወንበር ስጣቸው። የሚሉህን እስኪጨርሱ ስማቸው፤ ከዚያ አብረሃቸው ና። የሥራ ልብስህን አትርሳ። እንግዶቹ ከእኔ እጅ እሺ ብለው አይበሉም። ከማክሰኞ ወዲህ በሩ ሥር ቆመው ወደ ላይ ያያሉ።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፣ ልብህንም ያጽናው።

ዋሾዋ ታናሽ እህትህ