«ይደገም»፦ የአንዲት ቃል ፍቺ

ሰኞ፣ የሚካኤል ዕለት

የኔታን ወሰዷቸው። የሚስቴን አባት። በአንዲት ቃል።

ትናንት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ሊቀ መንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ንግግር አደረገ። ረዘመ። ፀሐዩ ከረረ፣ ሰዉ አንቀላፋ። ሲጨርስ፣ ጭብጨባው ገና ሳይነሣ፣ የኔታ ከኋላ በዚያ በቅኔ ቤት ድምፃቸው «ይደገም!» አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀ መንበሩም ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታውን ዋጠው። ዛሬ ጧት ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መጡ።

ሚስቴ ስንዱ አላለቀሰችም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፤ አልሸሞጠችኝም። ሳመሽ «ክቡርነታቸው ገቡ!» ብላ የምትቀበለኝ ሴት፣ ዛሬ «መጣህ?» አለችኝ። በቃ። ከአፏ እንዲህ ያለ ባዶ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ማክሰኞ

ቀበሌ ተጠራሁ።

«ጓድ መምህር፣ ለልጆቻችን ሽሙጥ ታስተምራለህ አሉ» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

እውነት ነው፤ አስተምሬያለሁ። የአማርኛው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ሽሙጥ በምስጋና ቃል መንቀፍ ነው አልኋቸው። ምሳሌ ስጡ ስላቸው እጁን ያላወጣ አልነበረም፦ ገንቦ ለሰበረ «እጅህን ይባርከው!»፣ አርፍዶ ለመጣ «ምነው ቸኮልህ?»፣ ለቀጠነ ወጥ «እንዴት ወፍሯል!» ቃሉ ያው የምስጋና ቃል ነው፤ መጨረሻው ላይ ድምፅ ጥቂት ይረዝማል እንጂ። ስቀን ነበር። ማን ነገረው? ከልጆቹ የማን አባት?

«እንግዲያው ባለሙያ ነህ» አለኝ። «ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ፍረድ። ሽማግሌው አሞገሱኝ ወይስ አሾፉብኝ? ካሾፉ ጉዳዩ አውራጃ ይሄዳል።»

አውራጃ ከተወሰዱት የማውቀው ጎረቤታችንን ሸማኔውን ነው። እስካሁን አልተመለሰም።

ደብረ ታቦር ሙሉ ያችን ቃል ሲፈታ ዋለ። «የሰማነውን ነው የደገመልን ማለታቸው ነው» አለኝ አንዱ በሹክሹክታ። አንድ የቅኔ ተማሪ ደግሞ፦ «ይደገምበት ማለታቸው እኮ ነው፤ ድግምት ያስፈልገዋል ብለው!» እያለ ይስቃል። ዝም በሉ ብዬ ልጮህ ነበር። በየሰዉ አፍ የየኔታ ወንጀል እየበዛ ሄደ።

ረቡዕ

ምሳ ይዤላቸው ቀበሌው እስር ቤት ገባሁ። ጠባቂው እንጀራውን በእንጨት ወጋግቶ አሳለፈኝ። የኔታ ግድግዳ ተደግፈው ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

«የኔታ፣ ያን ዕለት ምን ማለትዎ ነበር?»

«የቱን?»

«ይደገም ያሉትን።»

«ኧረ ተወኝ፣ ልጄ! ከኋላ አስቀምጠውኝ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ይድገመው አልሁ። ክፋት አለው?»

ክው አልሁ። ሰም ብቻ! ወርቅ የሚባል የለበትም። ግን ይህን ብናገር ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ? ያን ሁሉ ንግግር ጭራሽ አልሰሙትም ማለት ከሽሙጥም ይብሳል።

ሐሙስ

አሞገሱ ብዬ መሰከርሁ። በቅኔ ቤት ቅኔው ሲያምር መምህሩ ይደገም ይላሉ፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም አልሁ። የራሴ ድምፅ መጨረሻው ላይ እንዳይረዝምብኝ ተጠነቀቅሁ። የሊቀ መንበሩ ፊት በራ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር!» አለ።

ፈቷቸው። እሰይ ልል ስል ጨመረበት፦ «እሑድ ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል። ከፊት ይቀመጡና ያችን ምስጋና ይድገሙልን።»

ቤት ስንገባ ለየኔታ ነገርኋቸው። በእስሩ ያልደነገጡት ሰው አሁን ደነገጡ።

«ሳልሰማ አሞገሱ አልህ? እኔ ያልመዘንሁትን?»

«ሕይወትዎ ነው፣ የኔታ።»

«እሑድ እሰማዋለሁ። ከሰማሁት ወዲያ ከአፌ የሚወጣውን እኔም አላውቅ።»

ስንዱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ዓርብ፣ ቅዳሜ

ምንም አልጻፍሁም። አሁንም የምጽፈው የለኝም። የኔታን ለመንናቸው፤ ዳዊታቸውን ገለጡ። ስንዱ «ታመዋል እንበል» አለች። ማን ያምናል?

እሑድ

ከፊት አስቀመጧቸው፤ ከእንግዳው አጠገብ። ሊቀ መንበሩ ያንኑ ንግግር አነበበ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው የተማሪ ቅኔ እንደሚያርሙ ሆነው ሰሙ። መሐል ላይ ግንባራቸውን ቋጠሩ። የስንዱ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ።

አበቃ። የኔታ ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«አሁን ሰማሁት» አሉ።

ተቀመጡ። ሌላ ምንም የለም። ማንም አልሳቀም፤ የሚያስል እንኳ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ የቀረውን ይጠብቃል። ያኔ እንግዳው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሰዉ ሁሉ ተከተለው። እኔም አጨበጨብሁ፤ መዳፌ እስኪቃጠል።

ስንበተን እንግዳው የየኔታን እጅ ያዘና «አባባ፣ እንደርስዎ ያለ አድማጭ ነው ያጣነው» አላቸው።

የኔታ ቤት ገብተዋል፤ ራት ቀርቦላቸዋል። እኔ ዓረፍተ ነገሩን እመዝናለሁ። «ያጣነው» ላይ ድምፁ ረዘመ እንዴ? ስንዱ አልረዘመም ትላለች። ዓይኑን አይቼ ቢሆን አውቅ ነበር። ጥቁር መነጽር አድርጎ ነበር።