ስክሪን ላይ ስለፈሰሰው ውኃ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ፣ ለተከበሩ አበልጄ ለኢንጂነር አካለ ወልድ፤

ክቡርነትዎ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? በቢሮዎ ደጅ ሳልፍ ቀና ብለው ስለማያዩኝ፣ ጤናዎን የምጠይቀው እንዲህ በአደባባይ ሆኗልና ይቅር ይበሉኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከፕሮጀክት ክትትል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ካዛወሩኝ ወዲህ ለማሰብ ሰፊ ጊዜ አግኝቻለሁ። ያሰብኩትንም በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ አዲሱ ሲስተም አመሰግንዎታለሁ። የውኃ ፕሮጀክቶቻችንን የምንከታተልበት አሮጌው ፕሮግራም መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር የሚጠፋ፣ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የሚከፈት እንደነበር፣ ይቀየር ብዬ ከማንም በፊት የጮኽኩትም እኔ እንደነበርኩ አይዘነጉትም። ዘመናዊው ሲገዛ አስጠርተው «ትሕትና፣ አንቺ ካልመራሽው አይሆንም» አሉኝ። ልጄን ገዳሙን ክርስትና ያነሱልኝ ሰው ነዎትና ቃልዎን እንደ ወንድም ቃል ተቀበልኩ። መረጃውን ከአሮጌው ወደ አዲሱ የማፍለሱ ሥራ ከጾመ ፍልሰታ ጋር ስለገጠመ፣ ሁለቱን ፍልሰት በአንድ ጾም ተወጣናቸው። አሮጌው ፕሮግራም ሥራው የት እንደቆመና ለምን እንደቆመ በጽሑፍ ይናገር ነበር፤ አዲሱ ግን በቀለም ይናገራል። የተጠናቀቀው አረንጓዴ፣ የቆመው ቀይ ነው።

፪ኛ. ከሮብ ገበያ በላይ ባለው መንደር የጀመርነው የምንጭ ሥራ ቀይ ነበር። ምንጩ ተገንብቷል፤ ሕዝቡ የቧንቧውን መስመር በዶማ ቆፍሮ ጨርሷል፤ ቧንቧው ግን ገና በእኛ ግምጃ ቤት ነበር፤ ቦኖውም አልቆመም። በሲስተሙ ምርቃት ዕለት ጠዋት፣ ለሥራችን ገንዘብ የሚሰጡን እንግዶች ከባሕር ዳር ተነሥተው መንገድ ላይ እያሉ፣ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው ስክሪኑን አዩና «ይቺን ቀይ ለዛሬ አረንጓዴ አድርጊያት» አሉኝ። ውሸት አልጽፍም ስልዎ ሳቁ። «አበልጄ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ በገዛ እጄ እመልሳታለሁ። ገዳሙ ይሙት!» አሉና በራስዎ የይለፍ ቃል ገብተው ቀየሩት። በልጄ ስም ስለማሉ አመንኩዎት። ጭብጨባው ግሩም ነበር።

፫ኛ. እንግዶቹ ሄዱ፤ ቀዩ ግን አልተመለሰም። ሲስተሙ «ተጠናቋል» ስለሚል ቧንቧው ትርፍ ተብሎ ለሌላ ፕሮጀክት ተጫነ። የመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘሪቱ ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ ሊጠይቁ ማርቆስ ድረስ ወረዱ። አንዱ ሠራተኛ ከኮምፒውተሩ አንብቦ ውኃው እንደገባላቸው ሲነግራቸው፣ ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ውኃው በየት በኩል አለፈ? እኛ ሳናየው?» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ከወንዝ በተቀዳ ውኃ ታማ ጤና ጣቢያ ተኝታ እንደነበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

፬ኛ. ወደ እርስዎ ሮጥኩ። እርስዎም ስብሰባ ጠሩልኝ፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት «መረጃ ሲፈልስ የተፈጠረ ስሕተት ነው፤ የማፍለሱ ኃላፊ ደግሞ ትሕትና ናት» አሉ። ዓይንዎን ፈለግሁ፤ ስልክዎን ይነካኩ ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነው ብዬ እንድፈርም ወረቀት ሲያቀርቡልኝ «አበልጄ፣ ገዳሙ ይሙት ብለውኝ አልነበረም ወይ?» አልኩዎት።

«ቢሮ ውስጥ አበልጅ የለም» አሉኝ።

አልፈረምኩም። በማግሥቱ ግምጃ ቤት ገባሁ። ዝውውሩስ ይሁን፤ ሥራ ነው። ያቺ መልስ ግን አጥንቴ ውስጥ ገብታ ቀርታለች። ልጄም ክርስትና አባቱ ለምን እንደማይመጡ ይጠይቀኛል።

፭ኛ. ይህ እንኳ አቤቱታ አይደለም፤ ወሬ ላድርስዎ ብዬ ነው። ባለፈው ወር በአንዱ እሑድ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ የሆነውን ሁሉ ከነስምዎ ለሕዝቡ ተናገርኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ወይዘሮ ዘሪቱ ግን እጄን ያዝ አድርገው «ይህን ለእንግዶቹ ጻፊልን፤ እኛም ከሥሩ እንፈርማለን» አሉኝ። ጻፍኩ፤ ፈረሙ፤ ባሕር ዳር ተልኳል። ለእርስዎ የጻፍኩት ይኸኛው ደግሞ፣ ሠራተኛው ሁሉ የሰማውን ሐሰት በሰማበት ቦታ እንዲያርመው፣ በድርጅታችን በር ላይ ተለጥፏል።

ስላስተማሩኝ ሁሉ፣ በተለይም የመሐላን ዋጋ ስላስተማሩኝ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ እግዚአብሔር ሹመትዎን እንዲያበዛልዎ፣ ማስታወስንም እንዲጨምርልዎ እመኛለሁ።

ስሟ ብቻ የቀራት
ትሕትና ዘመንፈስቅዱስ
የገዳሙ እናት፤ ከግምጃ ቤት

ማስታወሻ፦ ከባሕር ዳር መልስ መጥቷል። እንግዶቹ አረንጓዴውን ቦኖ በዓይናቸው ሊያዩ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ መንደሩ ይወጣሉ። የውኃ ኮሚቴውም እርስዎ እንዳይቀሩ በታላቅ አክብሮት ጋብዞዎታል። አቀበቱ ያስጠማልና የሚጠጡትን ውኃ ይዘው ይምጡ ብሏል።