«ደካማ» ስለተባሉት ንቦቼና ስለ መጀመሪያው ረድፍ

ለተከበሩ የፀረ-ተባይ ምርመራ ክፍል ኃላፊ፦

የንቦቼን ስም ያጠፉት እርስዎ ነዎት። ይህን ከሰላምታው ያስቀደምኩት፣ የሰው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው የማንበብ ልማድ እንደሌለዎት በአሥራ አንድ ዓመት ስላየሁ ነው። አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎ ተሻለዎት? እኔና ስድስቱ ቀፎዎቼ፣ ከጎናችን ያለው የፍራፍሬ እርሻ አብቦ ርጭቱ እስኪጀመር በቀሩት ሦስት ሳምንታት፣ ደህና ነን።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ የተማረ ሰው ቁጥር ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፤ የሰብል መድኃኒት አበባ የሚቀስሙ ንቦችን ይገድል እንደሆነ በሚሞክሩበት ቤተ ሙከራ፣ ለዘጠኝ ዓመት ንብ ያመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በአሥረኛው ዓመት የባሌን እህት ስለጨመሩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቀፎ መክፈት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እጇን እንዳታወናጭፍ፣ ሽቶ ተቀብታ እንዳትቀርብ የነገርኳት እኔ ነኝ። እርስዎ ግን ለእርሷ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ለእኔ ዱካ አቀረቡ። እርሷን «ወይዘሮ» እኔን «እማማ» ይሉናል፤ የምበልጣት በሁለት ዓመት ነው። ይህ ቅናት ነው ቢሉኝ አልክድም። እርሷም በደጄ ባለፈች ቁጥር ድምጿን ከፍ አድርጋ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ትላለች፤ ጸሎቷ እንደተሰማላት በዚህ አጋጣሚ አረጋግጥላታለሁ።

ሁለተኛ፤ በዚህኛው ሙከራ ቀን በመስኮቱ በኩል አሥር፣ በግድግዳው በኩል አሥር የወንፊት ሣጥኖች ተደርድረው ነበር። በየሣጥኑ ሠላሳ ንብ ይገባል። የመስኮቱ ረድፍ መድኃኒት የተቀላቀለበት የስኳር ውሃ፣ የግድግዳው ረድፍ ንጹሕ የስኳር ውሃ ይጠጣል። የእርስዎ ባለሙያ፣ አምላክ ይባርከውና፣ የሁለታችንን ንቦች በየሣጥኑ እኩል ሊቀላቅል ሲል እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ንቦቼ ከእርሷ ንቦች ጋር በአንድ ሣጥን አይገቡም፣ ቀድሜ የመጣሁ እኔ ስለሆንኩም የመጀመሪያው ረድፍ፣ የመስኮቱ፣ የእኔ ነው አልኩ። ባለሙያው እንዲህ ከሆነ ሙከራው ይበላሻል ብሎ ለመነዎት። እርስዎ ስልክዎን ከጆሮዎ ሳያወርዱ «ለሴቶች ጠብ ጊዜ የለኝም፤ እንዳሉት አድርግላቸው» አሉት። ስለዚህ የእኔዎቹ ሦስት መቶ በሙሉ መርዙን፣ የእርሷ ሦስት መቶ በሙሉ ስኳሩን ጠጡ። ክብር ፈልጌ የተሻማሁት ወንበር እንዲህ ያለ ሆኖ ተገኘ። የእኔ ጥፋት ይህ ነው፤ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። እርስዎ በየትኛው ላይ እንደፈረሙ ቀጥሎ አለ።

ሦስተኛ፤ በሁለተኛው ቀን ጠዋት የሞቱትን በወረንጦ እያነሳሁ የቆጠርኩት እኔው ነኝ። ከእኔዎቹ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣ ከእርሷ ዘጠኝ። አብዛኞቹ ምላሳቸውን አውጥተው፣ በጀርባቸው እየተሽከረከሩ ነው የሞቱት። እርስዎ ግን በዘገባዎ «በመጀመሪያው ረድፍ የታየው ሞት ከአቅራቢዋ ቀፎዎች ድክመት የመጣ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱ በአበባ ወቅት እንዳይረጭ የሚያስከለክል ማስረጃ የለም» ብለዋል። መጨረሻ ላይም «ጠንካራ ንቦች ላቀረቡልን ወይዘሮ» ምስጋና አለ። ወረቀቱን በኮሪደሩ ሰሌዳ ሲለጥፉ አጠገብዎ ቆሜ ነበር፤ አታነብም ብለው ይሆናል። ፊደል የቆጠርኩት በአምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ አንዲት ፊደል አይዘልም።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ርጭቱ ሳይጀመር ሙከራው ይደገም፤ ንቦቹም ይቀላቀሉ። ይህን ለማለት ትናንት፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የባሌን እህት በር አንኳኳሁ። መጀመሪያ «ደካሞችሽ የእኔን እንዳያሳምሙብኝ» አለችኝ፤ ዋጥ አደረግኩት። ያ እርሻ ሲረጭ ግን የእርሷም ቀፎ እንደማይተርፍ፣ ከአጥሩ ሠላሳ እርምጃ ላይ ብቻ መሆኑን አብረን በእግራችን ለካን። አመሻሹ ላይ ንብ እሰጣለሁ ብላ ላከችብኝ። መርዙን የእርሷም ይጠጡ፣ ስኳሩን የእኔም ይቅመሱ፤ ከዚያ ደካማው ማን እንደሆነ እናያለን።

ለሰጡኝ ዱካ፣ ላልሰጡኝ ጆሮና ለስልክዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ የክቡርነትዎ ታማኝ አገልጋይ፣

የደካማ ንቦች ባለቤት

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዘገባዎን ሰሌዳው ላይ እንዳለ ትቼዋለሁ፤ የሁለት መቶ አሥራ አንዱን ቁጥር ግን በእጄ ጽፌ ከጎኑ ለጥፌያለሁ። ፊደሌ እንደ እርስዎ አያምርም፣ ግን ይነበባል። ከእንግዲህ የመጀመሪያውን ረድፍ አልለምንም። ሳይቀላቅሉ ለሚሞክሩበት ሣጥንም አንዲት ንብ አላመጣም።