የአራተኛው ፎቅ ክፍል እስከ ዓርብ ይጠብቀኛል

ሰኞ

ደወሉልኝ። ድስት እያጠብኩ ስለነበር ስልኩን በእርጥብ እጄ ነው ያነሳሁት። ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ከተማ ካለው የአረጋውያን አፓርትመንት ነው። ተራዬ ደርሷል፤ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። እስከ ዓርብ ከሰዓት መልስ ካልሰጠሁ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። የደወለችልኝ ልጅ "ኮንግራጁሌሽንስ" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ያንኑ ድስት ሁለተኛ አጠብኩት።

ሁለት ዓመት ነው የጠበቅኩት። ፎርሙን የሞላሁት የቤተ ክርስቲያን እህቴ ዘነቡ ጋ ነው፤ እሷ እዚያው ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ትኖራለች። ለልጄ ለሜሮን አልነገርኳትም። ተራው እስኪደርስ ማን ይሞታል፣ ማን ይኖራል ብዬ ነው። ይኸው ደረሰ፤ እኔም አልሞትኩም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሮን ቤት ከገባሁ አሥራ ሦስት ዓመቴ። ልያ የአንድ ዓመት ሕፃን ስለነበረች ሌላ ሰው አያሳድጋትም ብዬ የራሴን ቤት ለቅቄ መጣሁ። ሌሊት ነርሲንግ ሆም አቅመ ደካሞችን እያስታመምኩ ቀን እሷን አሳደግኩ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ትመጣና "ሃይ" ብላኝ በሯን ትዘጋለች። ሜሮን ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ስትሠራ ትውላለች። ባሏ ዮሴፍ ትራክ ነጂ ነው፤ ይህን ሳምንት ኦሃዮ ነው።

ለመሄድ፦
ሊፍት አለ። እዚህ የምተኛው ቤዝመንት፣ ከምድር በታች ነው፤ ደረጃው ጉልበቴን ጨርሶታል።
ቤተ ክርስቲያን በአንድ አውቶቡስ ይደረሳል። "እሑድ ማን ይወስደኛል" እያሉ ከሐሙስ ጀምሮ መለማመጥ የለም።
ሰው አለ።
ቁልፉ የራሴ ነው።

ላለመሄድ፦
ልያ።
ሜሮን ደክሟት ስትገባ ትኩስ ነገር የሚያቀርብላት አይኖርም።
እዚያ ነርስ የለም፤ ራስሽን ችለሽ ኑሪ ነው። ራሴን መቻል ባቆምስ?
የሰው አፍ።

የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ሃያ ሁለት ዓመት ነርሲንግ ሆም ስለሠራሁ ልዩነቱን አውቃለሁ። ይሄኛው ሰው በእግሩ ገብቶ፣ የራሱን ወጥ ሠርቶ የሚኖርበት ነው። ለእኛ ሰው ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ልጅ እናቱን የጣለበት ቤት።

ማክሰኞ

ዘነቡ በመኪናዋ ወሰደችኝ። ለሜሮን "ከዘነቡ ጋር እውላለሁ" አልኳት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ቤልትዌዩ፣ ትልቁ የቀለበት መንገድ፣ ድልድዩ ጋ በመኪና ተጨናንቆ ቆሞ ነበር። ዘነቡ ታወራለች፣ እኔ ሰዓት አያለሁ።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። መስኮቱ ፓርኪንጉን ያሳያል፤ አንድ ዛፍም አለ። ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ አስከፈትኩ። ጭሱን ወደ ውጭ አያወጣውም፤ ስቦ እዚያው ይመልሰዋል። የሕንጻውን ማናጀር "ሽንኩርት ሳቁላላ የእሳት ደወሉ ቢጮህስ?" አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ዘነቡ "መስኮት ከፍቶ ማቁላላት ነው፤ እኔ እንኳ እሳት አደጋ የመጣብኝ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው" አለችኝ፣ ልታጽናናኝ።

መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቀይ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ የወደቀ ሰው የሚስበው። ያን ዓይነት ገመድ ሲሳብ እየሮጥኩ የምገባው እኔ ነበርኩ። ሚስስ እከሌ፣ ምን ሆንሽ፣ ተነሽ እስቲ። አሁን ተራው የእኔ ሆነ ማለት ነው? ጎንበስ ብዬ ከወለሉ ይደረስበት እንደሆነ ለካሁት። ይደረሳል።

ታች አዳራሽ ውስጥ ሁለት ኮሪያውያን ሽማግሌዎች ዳማ የሚመስል ነገር ይጫወታሉ። አንዲት ባለ ምርኩዝ ሴትዮ፣ ልትገቢ ነው ወይ ለማለት፣ "አር ዩ ሙቪንግ ኢን?" አለችኝ። "አይ ዶንት ኖው" አልኳት። "ኖባዲ ኖውስ" ብላኝ ወደ ሊፍቱ ሄደች። ወደድኳት።

ቤት ገብቼ፣ ጭንቀቱ ሲበዛብኝ፣ ስልኬ ላይ ባለው የቤተ ክርስቲያን እህቶች የጸሎት ግሩፕ ጻፍኩ፦ "እህቶቼ፣ ከቤት ስለ መውጣቴ ጉዳይ እስከ ዓርብ መልስ ያስፈልገኛል። በልጄ ፊት ሞገስ እንዲሰጠኝ በጸሎት አስቡኝ። ዝርዝሩን ጌታ ያውቃል።" የጸሎት ርዕስ ደንቡ እንዲህ ነው። ዝርዝር ከጻፍሽ ሐሜት ይሆናል። ወዲያው አሜን በአሜን ላይ ወረደ፤ ቀለል አለኝ።

ረቡዕ

ቁርስ ሳልበላ ሦስት ሰው ደወለ።

የመጀመሪያዋ አናንዴል የምትኖረው እህት ሙሉ ናት። "አስናቀች፣ እኔ እያለሁ ሜዳ ላይ አትወድቂም። ቤዝመንቱን ክሊን እያደረግኩልሽ ነው" አለች። የምን ሜዳ? አልኩ በልቤ። ሁለተኛዋ ደውላ ዝም ብላ አለቀሰች። ሦስተኛዋ ሜሮን በልጅነቷ እዚህ አገር ስትገባ መዝሙር ያስጠናቻት ናት። "ሜሮን እንዲህ ታደርጋለች ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ" ስትል ያኔ ገባኝ። ሜሮን እናቷን ልታስወጣ ነው ተብሏል።

"ኧረ እንዲህ አይደለም፤ በራሴ ፈቃድ ነው፤ አፓርትመንት ደርሶኝ ነው" አልኳት።

"ገባኝ እህቴ" አለችኝ። "እናት መቼም ልጇን ትሸፍናለች።"

ባብራራሁ ቁጥር የባሰ ሸፋኝ ሆንኩ። ግሩፑ ላይ ልጽፍ ስልኩን አነሳሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። እውነቱን ብዘረግፈው ሜሮን ከእኔ ሳትሰማ ከሠላሳ ሴት ልትሰማ ነው። መጀመሪያ ለእሷ ልንገራት፤ ዛሬ ስትመጣ።

መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሁለት ሰው ቀርቶባቸው የሁለቱንም ሥራ ሠርታለች። ምስር ወጥ ሰጠኋት፤ እዚያው ደረጃው ላይ በላችው። "እማዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለች።

እንግዲህ በዚህ ላይ እንዴት ብዬ ልናገር? ዝም አይነቅዝም ብዬ ተኛሁ።

የዛሬ ድል፦ ደረጃውን መሐል ላይ ሳልቆም ወጣሁት።

ሐሙስ

ይነቅዛል። ዝምም ይነቅዛል።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ታደሰ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፤ ከኋላቸው እህት ሙሉ። ድፎ ዳቦና አንድ ካርቶን ብርቱካን ይዘዋል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ግን ሽማግሌ ከበር አይመለስም፤ ግቡ አልኩ። ነገሩን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ጋሽ ታደሰ "መጀመሪያ እንጸልይ" አሉ። እሳቸው ጸሎት ከጀመሩ ቶሎ አይጨርሱም። አሜን ስንል ሜሮን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ገባች። ደስ አላት፤ እንግዳ መስሏታል።

"ልጄ ሜሮን" አሉ ጋሽ ታደሰ። "የመጣነው ልንወቅስሽ አይደለም፤ ልንለምንሽ ነው። ቤት ቢጠብ ልብ ከሰፋ ይበቃል። እናትሽ እስከ ዓርብ ይውጡ ያልሽውን ነገር ለእግዚአብሔር ብለሽ ተይው።"

ሜሮን ወደ እኔ ዞረች። ያን ፊቷን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአራት ዓመቷ መርካቶ ውስጥ እጄን ለቅቃ ጠፍታ ሳገኛት።

"ማነው ይውጡ ያለው?" አለች ቀስ ብላ።

ተናገርኩ። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ፎርሙን፣ ሁለቱን ዓመት፣ የማክሰኞውን፣ ግሩፑ ላይ የጻፍኩትን፣ ሁሉንም። እህት ሙሉ ብርቱካን ብርቱካኑን ታያለች። ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት እኛ ነን። ይቅርታ አድርጊልን ልጄ" አሉ።

"ችግር የለም ጋሼ፤ እናቴን ስለወደዳችኋት ነው" አለች ሜሮን። ሻይ አፈላችላቸው፤ ዳቦውን ቆርሳ አቀረበች፤ እስከ መኪናቸው ሸኘች። ትሕትናዋ አስፈራኝ።

ተመልሳ ገባች።

"ቱ ይርስ፣ እማዬ? ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለሽ እየበላሽ ከእኔ መውጫ ስትፈልጊ?"

"ከአንቺ አይደለም።"

"ከማን ነው ታዲያ? እዚህ ቤት ማን አለ?"

"ማንም የለም። ችግሩ እሱ ነው።" ድምፄ ከፍ አለ። "ከጠዋት እስክትመጪ የማወራው ከፍሪጁ ጋር ነው። እሱም አንዳንዴ ይመልስልኛል።"

አልሳቀችም። "እሑድ ቸርች ስገባ ሰው ምን ብሎ ነው የሚያየኝ? እናቷን ያባረረች። ያስባልሽኝ አንቺ ነሽ።"

ይህ እውነት ነው። የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ አላላክክም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በሩ ጋ ቆሜ "ካልሽ እቀራለሁ" አልኳት። ከዚያ ደረጃውን ወረድኩ።

ዓርብ

ሳልነሳ ወጥታለች። ለልያ ምሳዋን ቋጥራላታለች፤ ለእኔ ምንም አልተወችም፤ ወረቀትም።

ልያ ቁርሷን ቆማ እየበላች "እማማ፣ ዱ ዩ ሪሊ ዋንት ቱ ጎ?" አለችኝ። ትናንት ሁሉንም ሰምታለች። አማርኛ አይጠፋትም፤ መመለሱን ነው የምትሰስተው።

"አላውቅም" አልኳት።

"ዛትስ ኖት ኤ ኖ" ብላ ወጣች፤ አይሆንም አላልሽም ማለቷ ነው።

እስከ ቀትር ቤቱ ውስጥ ስዞር ቆየሁ። በመጨረሻ ወሰንኩ። ይቅር። የሜሮን ስም ከሚጠፋ ጉልበቴ ይጥፋ። ማናጀሯ ጋ ደወልኩ፤ ማሽኑ መልእክት ተዪ አለኝ፤ ለማሽን እንዲህ ያለ ነገር መናገር አልሆንልኝ አለና ዘጋሁት። ሁለተኛ ልሞክር ስል ሜሮን ገባች።

"ከሥራ አስፈቅጄ ነው። ጫማሽን አድርጊ፤ ልየው" አለች።

ድልድዩን እስክንሻገር መንገዱን ብቻ እያየች ነዳች። እዚያ ስንደርስ እንደ ተቆጣጣሪ ሆነች። የቧንቧውን ሙቅ ውኃ ከፍታ ጠበቀች። ሻወሩ ውስጥ ገብታ ቆመች። ቀይ ገመዱን ይዛ "ኢፍ ሺ ፑልስ ዚስ፣ ሁ ካምስ?" አለቻት ማናጀሯን፤ እናቴ ብትስበው ማን ይመጣል ማለቷ ነው።

ማናጀሯ አልዋሸችም። ገመዱ የሚደውለው ውጭ ላለ ድርጅት ነው፤ እነሱ አምቡላንስ ይጠራሉ።

"ሶ ኖባዲ ሂር።"

"ኖባዲ ሂር" አለች ሴትዮዋ።

በቃ፣ አበቃ አልኩ። ሜሮን ግን ውሉን ተቀብላ መስኮቱ ጋ ቆማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። ከዚያ እስክርቢቶውን ሰጠችኝ። "እማዬ፣ ከፈለግሽ ፈርሚ፤ ለእኔ ብለሽ ግን እንዳትተዪው። እንደዚያ ካደረግሽ ዕድሜ ልኬን የማይሽ በዚያ ዓይን ነው የሚሆነው" አለች።

ፈረምኩ። ስሜ ተጣሞ ወጣ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን አላስነሳችም። መሪውን ይዛ ቁጭ አለች።

"ከሥራ ስመጣ መንገዱ ጫፍ ላይ ሆኜ የቤዝመንቱን መብራት አያለሁ" አለች። "እሱን ሳይ ነው ሥራ ያለቀልኝ የሚመስለኝ። እኔስ ከእንግዲህ ወደ ማን ነው የምገባው?"

ሳምንቱን ሙሉ ስመዝን የከረምኩት የራሴን ጉልበት፣ የራሴን ብቸኝነት፣ የራሴን ስም ነው። ለእሷ ሸክም የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ትፈልገኛለች ብዬ፣ ከምስር ወጡ አልፌ፣ አላሰብኩም። አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች። የቆምንበትን ቦታ እንድንለቅለት የሚጠብቅ ባለ መኪና ከኋላችን ጥሩንባ እስኪነፋብን ድረስ አልቅሰናል።

ቅዳሜ

ግሩፑ ላይ እውነቱን ጻፍኩ፤ በዝርዝር፣ ሐሜት ይባል እንደሆነ ይባል። "ልጄ አላስወጣችኝም። እኔ ነኝ በድብቅ የተመዘገብኩት። ትናንት አብራኝ ሄዳ ክፍሉን ያየችው እሷ ናት። ስሟን ያነሳችሁ ይቅርታ ጠይቋት።" ከዚያ አሜኑ መጣ። አንዷ ለብቻዬ "ፎርሙ የት ነው የሚገኘው?" ብላ ጻፈችልኝ። ማን እንደሆነች እዚህም አልጽፍም።

የምገባው በወሩ መጀመሪያ ነው። አሁንም እፈራለሁ። ልብሴን ማጠፍ ጀመርኩና ተውኩት። ነገ ቤተ ክርስቲያን ሜሮን አጠገቤ እንደምትቀመጥ ነግራኛለች፤ ሰው ምን እንደሚል አላውቅም።

ከራት በኋላ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ቤዝመንት ወረደች። ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን ሶፋ አሳየችኝ። "የአራተኛው ፎቅ ሳሎንሽ ውስጥ ይገባል፤ ለክቼዋለሁ" አለች። መቼ እንደለካች አላየሁም።

"አጭር ነው" አልኳት። "ልያ ረዝማለች፤ እግሯ ይወጣል።"

"ለልያ አይደለም" አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። "ለእኔ ነው።"

ቡናማው ቆሻሻ ይችላል አልኳት። ግራጫውን አዘዘች።