ውርጭ ገፋው ስለተባለው ቱቦ

ለክቡር የስቶኒ ሪጅ ወረዳ የውሃ ማፋሰሻ ቦርድ ሊቀመንበር
ምዕራብ ሚኒሶታ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ እና ቦይዎ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣው ቀድሞ የላክኋቸው ሦስቱ መልስ ስላላገኙ ሳይሆን፣ መልስ በመጻፍ እንዳይደክሙ አስቤ ነው።

ጉዳዩ በወይዘሮ አርዲስ ሞን እርሻ ግርጌ ያለው የምንጭ ረግረግ ነው። ቦርድዎ ከሰባት ዓመት በፊት በአጠገቡ ያለውን ቦይ በስድስት ጫማ አስጠልቆታል፤ በመጪው ግንቦት ደግሞ አራት ጫማ ሊጨምርበት ወስኗል። ከዚያ በፊት ምስጋናዬን በተራ ይቀበሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ አፈሩ። ከኮረብታው ጠጠር ውስጥ ኖራ እየለቀመ የሚወርደው ውሃ እዚያ ከሥር ይወጣል። ሣሩና ሥሩ በዚያ ውሃ ውስጥ በቅጡ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት ተደራርቦ፣ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ የሚርገበገብ ጥቁር አፈር ሆኗል። እንዲህ ያለ አፈር የሚቆየው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው፤ ውሃው ከሸሸው አየር ይገባበትና እየሟሸሸ ወደ ታች ይሰጥማል። ይህን ለሠላሳ አንድ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምር የሚያምነኝ ጥቂት ነበር፤ ቦርድዎ በሰባት ዓመት ውስጥ በተግባር አሳየልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቱቦው። የወይዘሮ አርዲስ ባለቤት፣ ነፍሱን ይማረውና ኦርቪን፣ እና እኔ ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት የአሥራ ሁለት ጫማ የብረት ቱቦ ከአፈሩ ሥር እስካለው ጠንካራ ሸክላ ድረስ ቀጥቅጠን አስገብተን፣ ጫፉን ከመሬቱ ጋር እኩል አደረግነው። በየዓመቱ ተማሪዎቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም እኔው ለካነው። ለሃያ ሰባት ዓመት የተጻፈው ዜሮ ነው። ዛሬ ቱቦው ከመሬት በላይ አሥራ አንድ ኢንች ቆሟል። መሬቱ ወርዶ ነው ብዬ በስብሰባችሁ ላይ ባስረዳ፣ እርስዎ ፈገግ ብለው፣ «አይ መምህር፣ ውርጭ መሬቱን እያሳበጠ በየጸደዩ ከማሳችን ድንጋይ ወደ ላይ ይገፋልን የለ? ቱቦውንም እሱ ነው የገፋው» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እዚህ አገር ድንጋይ ሳይለቅም ያደገ የለምና ነገሩ እውነት መሰለ።

እኔም የመለስኩት፣ ከምድር ሆድ የሚወጣው ውሃ ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ስለማይለወጥ ያ ረግረግ ውርጭ አያውቅም ብዬ ነበር። አገሩ ሁሉ በረዶ ሲለብስ የወይዘሮ አርዲስ ከብቶች የሚጠጡት ከዚያ ነው። ቦርዱ ጊዜ የለንም አለ። ወይዘሮ አርዲስ ለስብሰባው ያመጡት የሎሚ ኬክ ግን ጊዜ አግኝቷል። ወደ መኪናቸው ሲመለሱ፣ «ኬኬን ዋጡት፣ ቃልዎን ተፉት፤ ሳህኔን መመለሳቸውም ደግ ነው» አሉኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ አበባው። የእመቤት ጫማ የምንለው ነጭ አበባ ከዘሩ ተነሥቶ እስኪያብብ አሥራ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ የእርስዎ የሥራ ዘመን አራት ዓመት ስለሆነ፣ ሳይደርስልዎት ቢቀር አይቀየሙት። ቀድሞ በረግረጉ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ነበሩ። ባለፈው ሰኔ ሁለት ቆጠርኩ።

በመጨረሻ ይቅርታ ልጠይቅ። በጥር ወር ወይዘሮ አርዲስ ደውለው፣ «መምህር፣ እስቲ ይምጡና ይዩልኝ» አሉኝ። ስደርስ መጥረቢያ ይዘው ምንጩ ላይ ቆመዋል። በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት በኖሩበት እርሻ፣ ለከብቶቻቸው በረዶ ሲሰብሩ የመጀመሪያቸው ነበር። አፈሩን በዘንጌ ብመታው እንደ አስፋልት ጮኸ። መጥረቢያውን ተቀበልኳቸው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ትክክል ነዎት፤ እዚያ ውርጭ አለ። እርስዎ ሲናገሩ ገና አልደረሰም ነበር፤ ቦይዎ የምንጩን ውሃ አሽሽቶ አድርሶታል።

በታችኛው ጥግ አሁንም አንድ እፍኝ የሚያህል ውሃ ይፈልቃል። ከግንቦቱ ቁፋሮ በፊት መጥተው ቢያዩት፤ ከአራት ጫማ በኋላ የሚያዩት አይኖርም።

ቱቦው በቁመት እስኪበልጠኝ ድረስ አክባሪዎ ሆኜ የምቆይ፣
የቀድሞ መምህርዎ
ሌስተር ብሬከ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቱቦውን የመጀመሪያ ልኬት የወሰዱት በአሥራ አንድ ዓመትዎ እርስዎ ነበሩ፤ ደብተርዎን አግኝቼ በፖስታ ልኬልዎታለሁ። «ተንበርክኬ አየሁት፤ ከመሬት እኩል ነው» ይላል። አሥር ከአሥር ሰጥቼዎታለሁ። ነጥቡን አልቀነስኩም፤ ያኔ ተንበርክከው አይተው ነበር የጻፉት።