ጠበል የጠጣው ፒካፕ

ሰኞ፣ የካቲት 2

አሁንም አልነሳም። እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና ዝም አለ።

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ትምህርት እስኪጀምር ከማስተምርበት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ፣ እናትና አባቴ ቤት መጥቻለሁ። ዕረፍት ነው ተብሏል። ጓሮ የቆመው የአባባ ፒካፕ፣ በቀለሙ ምክንያት ዳማ የምንለው፣ እስከ ቅዳሜ መነሳት አለበት። የአባባን ሁለት ዓይኖች ሞራ ሸፍኗቸዋል። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ከሩቅ የመጡ ሐኪሞች ሞራ እየገፈፉ ነው፤ ቅዳሜ ጨርሰው ይሄዳሉ። አባባ ደግሞ በገዛ መኪናዬ ካልሆነ ንቅንቅ አልልም ብለዋል።

መኪናውን ያቆሙት ራሳቸው ናቸው። አንድ የገበያ ቀን ነጭ ጆንያ የተጫነች አህያ ቄስ መስላቸው፣ ከመኪና ወርደው መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። አህያዋ አልባረከቻቸውም። ከዚያ ወዲህ ዳማም አባባም ከግቢ አልወጡም።

መካኒኩ ምንይችል ይባላል። ለመካኒክ የሚያስተማምን ስም አይደለም። ድሮ ዲያቆን ነበር፤ ዛሬ የናፍጣ መኪና ሐኪም ነው። የነነዌ ጾም ዛሬ ገብቷልና እሱም እንደ ዮናስ ከዳማ ሆድ ሥር ገብቶ ዋለ። ሲወጣ ግምገማ አካሄደ፤ ቃለ ጉባኤ የያዝሁት እኔ ነኝ።

ጠንካራ ጎን፦ መሪ አለው።

ደካማ ጎን፦ ባትሪው ሞቷል። ጎማዎቹ ተንፍሰዋል። የኤሌክትሪክ ገመዱን አይጥ ቆርጥሞታል። የኋላ መዝጊያው በጠፍር ታስሯል። የሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ታቅፋለች። የነዳጅ ክዳን የለውም፤ ጨርቅ ተወትፎበታል።

ክፍተቱን በጋራ እንሞላዋለን አለኝ። ስብሰባ ላይ ብዙ የተቀመጠ ሰው ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ትንሽ ድል። አንድ ባለ ሚኒባስ ባትሪ አዋሰን። እግዜር ይስጠው፣ ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። ጎማው ተነፋ፣ ገመዱ ተቀጠለ። ዶሮዋ ከነእንቁላሏ ወደ ቅርጫት ተዛወረች፤ ቅሬታዋን እስካሁን እያሰማች ነው።

የናፍጣ ሞተር አየር ከሳበ አይነሳም። ምንይችል አንዲት ቡሎን አላልቶ የናፍጣ መሳቢያውን በእጁ ሲገፋ ናፍጣው አረፋ እየደፈቀ ወጣ። ያነበብኋቸው መጻሕፍት ስለ መርከብ ብዙ ይነግሩኛል፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንዱም ትንፍሽ አላለም። አባባ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ያዳምጣሉ። ምን እየሠራን እንደሆነ ነገርኋቸው።

"ሰው ነፋስ ሲወጣው ይሞታል፤ መኪና ነፋስ ሲገባው" አሉ።

ምንይችል መፍቻውን አስቀምጦ "ይበል" አላቸው፣ ቅኔ ቤት ያለ ይመስል።

ከዚያ ተነሳ። የጎረቤት የተሰጣ ልብስ በጭሱ ጠቆረ። እናቴ እልል አለች። ምንይችል ነዳጅ ሲሰጠው ግን ጠፋ። ደግመን አስነሳነው፤ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ጠፋ። ዝም ብለው ከተዉት ይሠራል፤ ሥራ ሲታዘዝ ያቆማል። እንዲህ ያሉ ባልደረቦች አሉኝ።

ምንይችል ናፍጣ የሚረጨው ፓምፑ ነው አለ። በዲቁናው ማለ። ባሕር ዳር ተወስዶ ተፈትሾ እስኪመለስ ሳምንት ያልፋል። ሳምንት የለንም።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

በጠዋት ፍኖተ ሰላም ደርሼ መጣሁ። ነርሷ ደግ ናት፤ አባባን ለቅዳሜ፣ ለመጨረሻው ተራ መዘገበችልኝ። ከዚያ በኋላስ ብላት ምናልባት ለከርሞ አለች። "ምናልባት" የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቡሬ ስመለስ አባባን በሚኒባስ እንሂድ አልኋቸው። አይሆንም። የጎረቤት መኪና እንለምን። አይሆንም። ባጃጅ ስል ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ስለ ሕክምና ጥቅም በሚገባ የተሰናዳ ክርክር ነበረኝ። መግቢያው ላይ እንዳለሁ አቋረጡኝ።

"ወንድሜ በሰው መኪና ሄደ። በሰው ትከሻ ተመለሰ።"

አጎቴን ማለታቸው ነው። በሌላ ሕመም ከቤት ወጥቶ በቃሬዛ ተመለሰ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዳማ የኔ ነው። ከወሰደኝ፣ ሳይጭነኝ አይመለስም።"

ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ለካ ፍርሃት ነው። እኝህ ሰው ፈርተው አይቻቸው አላውቅም፤ ወይም ሲፈሩ እኔ መጽሐፍ ላይ ነበርሁ። ክርክሬን አጣጥፌ አስቀመጥሁት።

እናቴ ጓዳ ሆና ሰምታለች። ነጠላዋን አጣፍታ ጀሪካን አንጠልጥላ ወደ ጠበሉ ወረደች። ሲጨንቃት የምትሄደው እዚያው ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ብሶበታል። ዛሬ ጭራሽ አልነሳም፤ ነጭ ጭስ ብቻ። ምንይችል ፊልትሮውን ፈትቶ ያለውን በተቆረጠ ጀሪካን ቀዳ። ናፍጣው ከላይ ተንሳፈፈ፣ ከሥሩ ውሃ ተኛ። ናፍጣ የሸጠልንን ሰው ሊያንቅ እጁን መጥረግ ጀመረ።

እናቴ በነጠላዬ ጎትታ ጓዳ አስገባችኝ።

"ሰውየው በከንቱ እንዳይጣላ። እኔ ነኝ።"

"ምን አደረግሽ እማዬ?"

"ጠበል አጠጣሁት። አንድ ጣሳ ብቻ ነው።" ጀሪካኑን በእግሯ ገፋ አደረገችና "ሰው ይድንበት የለም ወይ? ይኸ ብረትስ የሚነሳው ለሰው አይደለም?" አለችኝ።

ነገረ መለኮት አላጠናሁም።

ለምንይችል ስነግረው ኮፍያውን አወለቀ። ከታንከሩ ሥር ያለውን ቡሎን ፈትቶ ሁሉንም እዚያው መሬት ላይ ሊለቀው ነበር። አሁን ማን ይድፈር? ጠበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይፈስም። የነፍስ አባታችን ተጠሩ። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይስቁ ሰሙ፤ ከባድ ተጋድሎ እንደነበረባቸው ከጢማቸው አይቻለሁ። ፈረዱ፦ ታንከሩ በጥንቃቄ ተፈትቶ ይውረድ፣ ከአጥሩ ጥግ ጉድጓድ ይቆፈር፣ እዚያ ይፍሰስና በድንጋይ ይከደን። እሳትም አታቅርቡበት አሉ። ይኸኛው ከቀኖና ይሁን ከፊዚክስ አልነገሩንም።

እናቴ አላለቀሰችም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ከአባባ ፊት ሸሸች። ነገ ዓርብ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 6

እጄ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ሦስት ጊዜ ታጥቤዋለሁ። ግን ልጻፈው።

የታንከሩ ቡሎኖች ዝገው አንላቀቅም አሉ። ምንይችል አንዳንዱን በመፍቻ፣ አንዳንዱን በዳዊት ፈታው። አውርደን ጉድጓዱ ላይ ስናዘነብለው መጀመሪያ ናፍጣው፣ ቀጥሎ ውሃው፣ ከዚያ እንደ ጠላ አተላ የወፈረ ዝገት ወረደ። ከአተላው በኋላ ጨርቅ ወጣ። ሌላ ጨርቅ ደገመ። ሦስተኛው ጨርቅ ናፍጣ ወደ ሞተር የሚሳብበት ቱቦ አፍ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሞተሩ ጥቂት ሲስብ በጨርቁ ውስጥ ይደርሰዋል፤ ብዙ ሲፈልግ ጨርቁ አንቆ ይይዘዋል። ፓምፑ ንጹሕ ነው።

አባባ ጨርቅ መሆኑን ሲሰሙ ተቀመጡ። ክዳኑ ከጠፋ ጀምሮ በጨርቅ ይወትፉት ነበር፤ ጨርቁ በየጊዜው ሲጠፋ ጎረቤት ሰረቀኝ ብለው አንዱን ሰው ሰላም እስከ መንሳት ደርሰዋል። ለካ ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

እናቴ ሦስተኛውን በእንጨት አንስታ አየችው።

"ይኸ የኔ ሻሽ ነው" አለች። "የጥምቀት ሻሼ።"

አባባ የማያይ ሰው ወደ ሌላ ቦታ የሚያይበትን ዘዴ ዛሬ አሳዩን።

የገረመኝ ግን ምንይችል ነው። ስለ ፓምፑ የማለውን አልሸሸገም። በታችኛው ቡሎን ብለቀው ኖሮ ውሃው ብቻ ይወጣ ነበር፤ ጨርቁ እዚያው ይቀርና እኔም ፓምፑን ይዤ ባሕር ዳር እወርድ ነበር አለ። ከዚያ ለእናቴ እጅ ነስቶ "ጠበል ያስለፈልፋል። የሆዱን አስለፈለፉት፣ እናታለም" አላት። እናቴ "በጠበል ቀልድ የለም" አለችና ገባች። ጓዳ ውስጥ ስታንጎራጉር ሰማኋት። የሚያንጎራጉር ሰው አይሸሽም።

ታንከሩ ታጥቦ ተመለሰ፣ በጨርቁ ፋንታ ምንይችል የቆርቆሮ ክዳን ቀጥቅጦ ሠራለት፣ አየሩ ወጣ። ተነሳ። ነዳጅ ሲሰጠው ጮኸ፤ አልጠፋም።

አሁን ቤታችን ከአጥሩ ጥግ የተባረከ የናፍጣ ጉድጓድ አለው። ወረዳው ቢሰማ ነዳጅ ተገኘ ብሎ ስብሰባ ይጠራል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ከሆስፒታሉ ግቢ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ።

ምንይችል ነዳ። አባባ ከጎኑ፣ እናቴ መሐል፣ እኔ ከኋላ ከመለዋወጫ ጎማ ጋር። የኋላ መስኮቱ ስለተሰበረ ሁሉንም እሰማለሁ። አባባ ማርሽ ያዝዛሉ፤ ምንይችል ከታዘዘው ሌላ እያስገባ እሺ ይላል። የማንኩሳን ከተማ ስናልፍ አባባ ማርሽ ማዘዝ ተዉ። እጃቸው የበሩን እጀታ ጨብጧል።

ሆስፒታሉ በር ላይ አልወረዱም። እናቴ ለመነች። እኔ ለመንሁ። ምንይችል ሞተሩን ሳያጠፋ ዞሮ በሩን ከፈተላቸው።

"አባባ፣ አላጠፋውም። ውስጥ ሆነው ይሰሙታል። ሳይጭንዎ አይሄድም።"

ወረዱ።

ጥበቃው ጭሱን ሊከለክል መጣ። ምንይችል ምን እንዳለው አላውቅም፤ ጥበቃው ራሱ ከሕክምናው ክፍል መስኮት ሥር፣ ጭሱ ወደ ሜዳ የሚወጣበትን ቦታ መረጠለት። አባባ ገብተው እስኪወጡ ዳማ አንድም ጊዜ አላሳለም። አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ሲወጡ ያሉት "አራተኛው ሲሊንደር ትንሽ ያነክሳል" ነው። ሐኪሙ ሕመምተኛው ጸጥ ብለው ተኝተው ነበር አለኝ። እያዳመጡ ነበራ።

ዛሬ እኔ ቤት እናድራለን። ፋሻው ነገ ይነሳል። ሐኪሙ ጥሩ ሄዷል ብሏል። ሐኪም ጥሩ ሄዷል ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሳሰላስል ቡናዬ ቀዘቀዘ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ተነሳ። ፋሻውን ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ነርሷን አዩ፤ እግዜር ይስጥልኝ አሏት። ቀጥሎ እኔን አዩኝና ከስተሻል አሉ። ከዚያ እናቴን። ብዙ ቆዩ። ነጠላዋን ሳብ አደረገች።

"አርጅተሻል" አሏት፣ ቀስ ብለው።

"እርስዎ ሳያዩ ነዋ" አለች።

እጇን ያዙ። በሕይወቴ ሰው ፊት ሲይዟት አላየሁም። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ለመንገድ ጥቁር መነጽር ሰጧቸው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ አባባ ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። የሱቅ ስም። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሰሌዳ። የጭነት መኪና ቂጥ ላይ የተጻፈ ጥቅስ። የአይሱዙ ታርጋ፣ ቁጥር በቁጥር። ተማሪዎቼ ሲያነቡ ስሰማ ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ያማረ ንባብ አልሰማሁም። እናቴ እያንዳንዱን በአሜን ትቀበላለች፣ የሲሚንቶ ማስታወቂያውን ጨምሮ።

ቡሬ ልንገባ ስንል አንድ የመንገድ ምልክት መጣ። ፍጥነትዎን ይቀንሱ ይላል። አባባ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩትና "ፍጥነትዎን ይጨምሩ" ብለው አነበቡ። ምንይችልም ታዘዘ።

ከዓይናቸው ይሁን ከተንኮላቸው እስካሁን አልለየሁም። አስተማሪ ነኝ፤ ስሕተት ማረም እንጀራዬ ነው። ከኋላ፣ ከጎማው ጋር እየነጠርሁ፣ ዝም አልሁ።